በሰው ብስክሌት ክርያት ሐይም

ከሃይፋ ከተመለስኩ ወዲህ የሕንጻችን ሴቶች ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንዴት ያለ አገር ነው?» አብዛኞቹ ከቤር ሼቫ ወጥተው አያውቁም፤ የሚወጡም አይመስለኝም። ስለ ባሕሩና ስለ ተራራው እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። ባሕሩን ያየሁት ግን ከሩቅ ነው፣ ተራራውንም የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። አብዝቼ ያየሁት የአንድ ብስክሌት የፊት ጎማ ነው። ስለዚህ የሆነውን ቀን በቀን እንደሆነ እጽፋለሁ።

እሑድ።
ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ ሴት ልጅ መገላገሏን በጎረቤት ስልክ የነገሩኝ ባለቤቷ አያ አድማሱ ናቸው። እናታችን አገር ቤት ቀርታለች፤ እዚህ ከእኔ ሌላ ሴት ዘመድ የላትም። የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ አለቃ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጠኝ። «በሚመጣው እሑድ ጠዋት የስፌት መኪናሽ ላይ ካልተቀመጥሽ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ደንቡን ነው የነገረኝ።

ከቤር ሼቫ ተነስቼ ቴል አቪቭ ላይ አውቶቡስ ቀየርኩ። ቢጫው መሬት ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ የብርቱካን እርሻ፣ ቀጥሎ በግራ በኩል ባሕሩ። አገር ቤት ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው በቅሎ ለመጫን ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። አባታችን ጠፍሩን፣ ወስፌውን፣ የውሃውን ቅል፣ በሶውን፣ ለኮርቻው መጠገኛ ቁራጭ ቆዳ ሳይቀር ያዘጋጅ ነበር። እኔ የያዝኩት አንድ ከረጢት ነው። እዚህ መንገዱ ራሱ ሁሉን ነገር የያዘ ይመስላል።

ከሃይፋ ጣቢያ ሌላ አውቶቡስ ይዤ በባሕር ወሽመጡ ዳር ሄድኩ። የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋን አልፎ ክርያት ሐይም ይመጣል። ሃይፋ ተራራ ናት ብለውኝ ነበር፤ ይህ ሰፈር ግን እንደ ደምቢያ ሜዳ ነው። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ዳቦ የገዛችው ሴት፣ ሁሉም ብስክሌት ላይ ነው።

እህቴ ትንሿን ክፍል ለብቻዋ ይዛለች፤ ሳህኗም ኩባያዋም የተለየ ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ወግ፣ አገር ቤት ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ሰው ሳትነካ በአራስ ጎጆ ትቆያለች፣ ሴቶች ምግብ ያቀብሏታል። እዚህ ጎጆ የለም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግታ ነው የምትቆጥረው። አያ አድማሱ ከፋብሪካ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው «እንዴት ዋላችሁ?» ብለው ያልፋሉ።

ማታ እህቴ ከበሩ ውስጥ ሆና ያስጨነቃትን ነገር አጫወተችኝ። ከሐዲዱ ማዶ፣ በባሕሩ በኩል ሬጊና የሚባሉ የሩማንያ አሮጊት አሉ፤ እሳቸውን የምትረዳው እሷ ናት። የስኳር በሽታ አለባቸው። ጠዋት የክሊኒኩ ነርስ መርፌ ወግታቸው ትሄዳለች፣ ከዚያ ወዲያው ቁርስ መብላት አለባቸው፤ ከዘገየ ስኳራቸው ወርዶ ይወድቃሉ፣ ያን ጊዜ የስኳር ውሃ ማጠጣት ነው። ማታ ደግሞ ራት። ልጃቸው ኑሪት ሀብታሞች በሚኖሩበት በካርሜል ተራራ ላይ ነው የምትኖረው። እናቷን ቤት አቮት፣ የአረጋውያን ማደሪያ፣ ልታስገባቸው ትፈልጋለች፤ እሳቸው ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ብለዋል።

«አንድ ቀን ቢስተጓጎል ምክንያት አገኘች ማለት ነው» አለች እህቴ። «እሳቸውም ከቤታቸው፣ እኔም ከሥራዬ።»

እሷ በእግሯ ነበር የምትመላለሰው። እኔ ግን ቀን ላይ ተመልሼ ለአራሷ ማብሰል አለብኝ። ብስክሌት መንዳት መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢዎች የሚቆዩበት ማዕከል፣ ሳለን ከልጆቹ ጋር ስለተማርኩ አያ አድማሱ የራሳቸውን ብስክሌት ሰጡኝ። እሳቸው በፋብሪካው አውቶቡስ ይሄዳሉ።

«ምን ምን ልያዝ?» አልኳቸው።

«ምን ያስፈልግሻል? እዚሁ ጎረቤት እኮ ነው» አሉኝ። ጎማ መንፊያውን ለሥራ ባልደረባቸው አውሰውት ነበር።

ሰኞ።
ብስክሌቱ የወንድ ነው፤ መሃሉ ላይ ብረት አለው። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ባቡር ማቋረጫው ጋ ስደርስ የቀሚሴ ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ገባ። ባቡር ሊያልፍ ስለሆነ ሰው ሁሉ ቆሟል። አንዱም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰውዬ ወርዶ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ ጨርቁን አወጣልኝ። ግራሶ የጠጣ የቀሚስ ጫፍ እየጎተትኩ ደረስኩ።

ሬጊና አጭር ሴት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን ገና ብርቱ ነው። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። እናቴን የሚያህሉ ሰው «አንቺ» ማለት ለአፌ ከብዶኝ መጀመሪያ ያለ ስም አወራኋቸው። የሁለታችንም ዕብራይስጥ ስብርብር ያለ ነው፤ የተሰበረበት ቦታ ግን ስለሚለያይ አንዳችን ሌላችንን እንሞላለን።

ቀሚሴን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሰንሰለት» አሉ። ተነስተው ከልብስ ማስጫው ሁለት መቆንጠጫ አመጡልኝ። «ባሌ ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ሥራ ሄዷል። ሱሪው ላይ መቆንጠጫ ሳያደርግ ከዚህ በር ወጥቶ አያውቅም።»

ማታ ቀሚሴን በሁለት መቆንጠጫ ጠቅልዬ ተመለስኩ። የተሰጣ ልብስ መስዬ ነበር፤ ግን ደረስኩ።

ማክሰኞ።
ዝናብ። አገር ቤት ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ታየዋለህ፤ መጠለያ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። የሃይፋ ክረምት ዝናብ ግን ከባሕሩ ተነስቶ በጎን ነው የሚመታህ። እህቴ በበሩ ስንጥቅ እየነገረችኝ የቆሻሻ መጣያ ፕላስቲክ ከረጢት ቀድጄ በራሴ አጠለቅሁ። ጠዋቱን በዚያ አለፍኩ።

የከፋው ማታ ነው። የሬጊናን ራት አብልቼ ስወጣ ጨልሟል። ብስክሌቱ መብራት አለው፣ ነገር ግን አይበራም፤ ሰኞ ሳይጨልም ስለተመለስኩ አላየሁትም ነበር። መታጠፊያው ላይ አንድ መኪና በጩኸት ፍሬን ይዞ አጠገቤ ቆመ። አንድ ወፍራም ሰው ወርዶ እጁን እያወናጨፈ መጣ።

«አትታዪም! ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ብስክሌት፣ ጥቁር ሌሊት!» አለኝ። ጥቁር ሴት የሚለውን አልጨመረም፤ በሆዴ እኔ ጨመርኩለት።

«ብገድልሽስ? ልጆች አሉኝ እኮ!»

«ይቅርታ» አልኩ።

ዝናቡ ራሱን እየመታው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ የእጅ ባትሪ አወጣና አቀበለኝ። «ያዢው። አትመልሺልኝ።» ባትሪውን ከመሪው ጋር በሻሼ አሰርኩት። ሰውየው እስከ ማቋረጫው ድረስ ከኋላዬ ቀስ እያለ በመኪናው መብራት አጀበኝ። እዚያ ሲደርስ ጥሩምባውን አንዴ ነፍቶ ተጠምዝዞ ሄደ።

ረቡዕ።
መቆንጠጫ አለኝ፣ ባትሪ አለኝ፣ ፕላስቲክ አለኝ። ሰማዩም ጠርቷል። እየተደሰትኩ ስሄድ የኋላው ጎማ ከመሬት ጋር ሲጣበቅ ተሰማኝ። የጠርሙስ ስባሪ ነው። መንፊያ የለኝም፣ መጠገኛ የለኝም፤ ቢኖረኝስ መች አውቅበት ነበር። ነርሷ በዚህ ሰዓት መርፌውን ወግታ ሄዳለች።

አንዲት ሴት ኪዮስኳን እየከፈተች ነበር። ስልክ ጠየቅኋት። ግድግዳው ላይ ያለውን የሕዝብ ስልክ አሳየችኝ፤ የሚሠራው ግን በአሲሞን ነው፣ መሃሉ በተበሳው የስልክ ሳንቲም። አሲሞን እንደሌለኝ ስታይ ከመሳቢያዋ አንድ አውጥታ በመዳፌ አስቀመጠችልኝ። ስልኩን አነሳሁ። ያን ጊዜ ነው የሬጊናን ቁጥር እንደማላውቅ የገባኝ። ቁጥሩ እህቴ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ሮጥኩ። መተው ፈርቼ ነው፤ የሰው ንብረት ነው።

ሬጊና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። ጀርባቸው ቁም ሳጥኑን ተደግፏል፣ ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በማላውቀው ቋንቋ አንድ ሰው እየጠሩ ነው። ውሃ ላይ ስኳር በጥብጬ ራሳቸውን በክንዴ ደግፌ በማንኪያ አጠጣኋቸው። የመጀመሪያው በአገጫቸው ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጡት። ብርጭቆው ሲጋመስ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ።

«ዳቦ» አሉ በዕብራይስጥ።

ዳቦ ሰጠኋቸው። ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዳቦውን ሲጨርሱ «ለኑሪት አትንገሪያት» አሉኝ። የቀረውን የስኳር ውሃ አቀበልኳቸው።

ማታ ለእህቴ በበሩ ስንጥቅ ነገርኳት። ሕፃኗን አጥብታ አስተኛችና ተናገረች።

«ሥራው የእኔ ነው፣ ነፍስ ግን የሳቸው ናት። ለኑሪት ንገሪያት።»

«ሥራሽስ?»

«ንገሪያት አልኩሽ፣ ጥሩዬ።»

ሐሙስ።
ብስክሌቱን ሬጊና ግቢ ስለተውኩት ሳይነጋ በእግሬ ተነስቼ ነርሷን በር ላይ ጠበቅኋት። ከቁርስ በኋላ አውቶቡስ ይዤ ወደ ሀዳር፣ ሃይፋ ተራራ ላይ ወዳለው የገበያ ሰፈር፣ ወጣሁ። ሀዳር ዳገት ነው፤ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደራርቧል፣ ቤት ከቤት የሚገናኘው በደረጃ ነው። የጎንደርን ቁልቁለት ላየ ሰው እግሩ አይደነግጥም። አውቶቡስ ውስጥ አንድ የእኛ ልጅ፣ ወታደር፣ ቦታውን ለቀቀልኝ። «ሽቪ፣ ተቀመጪ። ወዴት ነሽ?» አለኝ። እዚሁ አገር ያደገ ነው፤ አንቱታውን ረስቶታል፣ ደግነቱን ግን አልረሳውም። የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ የት እንዳለ ስጠይቀው አብሮኝ ወርዶ እስከ በሩ አደረሰኝና «ቤሰደር? ደህና ነሽ?» ብሎ ሄደ።

ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው።

«ሩቅ ነው የምትነጂው?» አለኝ።

«የለም፣ እዚሁ ቅርብ፣ በየቀኑ።»

«ሩቅ የሚሄዱት ሁሉን ነገር ገዝተው ነው የሚወጡት። ጎማቸውን ተሸክመው እኔ ዘንድ የሚመጡት ቅርብ የሚሄዱት ናቸው።»

ይህን እያለ አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ አወጣቸው። አጭር መንፊያ። ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ የያዘች ትንሽ ቆርቆሮ። ጎማውን ከብረቱ የሚያላቅቁ ሁለት ማንኪያ መሰል ብረቶች። ጎማ የሚፈታ መፍቻ። ለፊት መብራቱ አምፖል። ከኋላ የሚሰቀል ቀይ አንጸባራቂ። ሁሉም ከኮርቻው ሥር በምትንጠለጠል ቦርሳ ገባ። አባታችን ከበቅሎው ኮርቻ ላይ የሚያስረው ስልቻ ትዝ አለኝ፤ ይዘቱ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው።

ከኮርቻው ቦርሳ ጋር የማይሸጡትን ራሴ ጨመርኩ፦ ከፖስታ ቤት ሁለት አሲሞን፣ የሬጊናና የነርሷ ስልክ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፣ መታወቂያዬ፣ እጅ መጥረጊያ ጨርቅ።

ዓርብ።
ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ ብስክሌቱን ወጥ ቤት አስገብቼ ገለበጥኩት። ሬጊና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ባሌ እዚሁ ነበር የሚያስተካክለው» አሉ። «በየዓርቡ። እኔ ደግሞ ወለሌን አቆሸሸ ብዬ እጮህበት ነበር።»

እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ፈታሁ። የውስጡን ጎማ ነፍተን የልብስ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ነከርነው፤ አረፋው የወጣበት ላይ የእሳቸው ጣት ቀድሞ አረፈ። ዓይናቸው ባያይም አረፋው ተሰምቷቸዋል። አደረቅነው፣ ፋቅነው፣ ማስቲሽ ቀባነው። «አሁን ቁራጩን አድርጊና ተጫኚው። እኔ በቃ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

ያን ጊዜ ኑሪት ገባች። የካርሜል ጫማዋን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆመች። እናቷ እስከ ክርናቸው ጥቁር ሆነዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ቁራጩን እንደተጫንኩ ነገርኳት። ጎማው መተንፈሱን፣ መዘግየቴን፣ እናቷን ወለል ላይ ማግኘቴን፣ ስኳሩን። ሬጊና በጎን በኩል «አቁሚ» አሉኝ፤ አላቆምኩም።

ከዚያ እናትና ልጅ በሩማንያኛ ተጣሉ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ሁለቱም የሚጮሁት እኔ ራስ ላይ ነው፤ እኔ ግን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቁራጩን ተጭኛለሁ፣ በቃ አልተባልኩም። ኑሪት ድምጿ ተሰበረና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም የፈራች መሰለኝ። እናቷ ብቻቸውን ሞተው እንዳይገኙ ነው የምትፈራው።

ወደ እኔ ስትዞር የተናገረችው በዕብራይስጥ ነበር። «ቁርሱ ማታውኑ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ። ነርሷም ሰው ሳይኖር እንዳትወጋ እነግራታለሁ። ግን አንቺ ነገ ሳምንትሽ ያልቃል፤ እህትሽ አራስ ናት። እሑድ ማን ነው የሚመጣው?»

ጣቴን ከቁራጩ ሳላነሳ ቀና ብዬ አየኋት።

«ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ አልፈልግም። እህትሽ እስክትመለስ በየቀኑ የምትመጣ አንድ ሰው እሑድ ጠዋት ካላየሁ፣ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

ከሄደች በኋላ ሬጊና እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። «በቃ» አሉኝ። «ልቀቂው።»

ቅዳሜ።
ሰንበት ነው፤ እሳት አይነድም፣ ብስክሌት አይነዳም። የሬጊናን ምግብ ዓርብ አዘጋጅቼ ስለነበር ጠዋትና ማታ በእግሬ ደርሼ አቀረብኩላቸው። መንገዱ በእግር ሲኬድ ረጅም ነው፤ እህቴ ይህን ስንት ጊዜ እንደሄደችው አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ በሩን ገርበብ አደረገችው። ነጠላዋን ለብሳለች፣ ጫማዋን አጥልቃለች።

«እሑድ እኔ እሄዳለሁ» አለች።

«የአራስ ቀንሽስ?»

«ቀኑን እዚህ የሚቆጥርልኝ ማን አለ? እኔው ነኝ የምቆጥረው፤ እኔው እተወዋለሁ።» እናታችን ሰባት ጊዜ ወልዳ አንድ ቀን ሳታጎድል ነው ከጎጆዋ የወጣችው። አያ አድማሱ ከወዲያ ክፍል ሰምተዋል፤ ግን እንዲህ ባለው ነገር ወንድ አይናገርም፣ ጉሮሯቸውን ብቻ ጠረጉ።

ስለ ራሴ ኑሮ አሰብኩ። ቤር ሼቫ የሚጠብቀኝ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሱሪ ዚፕ እሰፋበታለሁ። አጠገቤ ያለችውን ሴት ከሱሪው ክምር የተነሳ በደንብ አይቻት አላውቅም። እዚህ አንድ ሰው በሩ ሲንኳኳ እኔ መሆኔን ያውቃል።

«ጫማሽን አውልቂ፣ እትዬ» አልኳት።

ኮከብ ወጥቶ ሰንበት ሲያልፍ ወርጄ በአሲሞን ለፋብሪካ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ለአለቃው ንገሪው፣ እሑድ አልቀመጥም» አልኳት። «አበድሽ?» አለችኝ። አሲሞኑ ወረደና መስመሩ ተቋረጠ።

እሑድ።
ከሐዲዱ ማዶ ያለው መንገድ በሌሊቱ ዝናብ ረጥቧል። ጎማው ያዘ። መብራቱ ፊት ለፊቴ ቢጫ ክብ እየሠራ መራኝ።

የኑሪት መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ገባሁ። መተላለፊያው ላይ አንዲት ቡናማ ሻንጣ ተዘጋጅታለች፣ የሬጊና ካፖርት ላይዋ ላይ ተጣጥፏል። ኑሪት ከወጥ ቤት ወጥታ አየችኝ። እርጥቡን ፀጉሬን፣ በመቆንጠጫ የታሰረውን ቀሚሴን አየች።

«እስከ መቼ?» አለችኝ።

«ሰማንያ ቀን እስኪሞላ። ሳምንቱ ተቀንሶ።»

ለምን ሰማንያ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ካፖርቱን አነሳችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች፤ መሳቢያ ሲከፈትና ልብስ ሲመለስ ሰማሁ። ነርሷ መጣች። እኔ ዳቦ መቁረጥ ጀመርኩ።

የቀሩት ሳምንታት ከዚህ ብዙ አይለዩም። ጎማው ሁለት ጊዜ ተንፍሷል፤ ሁለቱንም መንገድ ዳር ጠግኜዋለሁ። የእህቴ ቀን ሊሞላ ሲል ሬጊና «እህትሽም እንደ አንቺ ትምጣ፣ በእግሯ አልፈልግም» አሉ። እህቴ «ባለ ትዳር ሴት፣ በሰው ፊት፣ በብስክሌት?» ስትል አፈረች፣ ሳቀች፣ ተቆጣች። ቀኗ ሞልቶ ታጥባ ከወጣች በኋላ ግን ከሕንጻው ጀርባ አሸዋው ላይ አስተማርኳት። አያ አድማሱ ሕፃኗን ታቅፈው መስኮት ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ስትወድቅ ፊታቸውን ያዞራሉ።

የተመለስኩበት ጠዋት ሕፃኗን ለጎረቤት ሴት ሰጥተን አብረን ከሕንጻው ወጣን። እኔ ከረጢቴን ይዤ ወደ አውቶቡሱ፣ እሷ በብስክሌቱ ወደ ሐዲዱ። ጉንጬን ሳመችና ወጣች፤ ትንሽ ተንገዳገደች፣ ተስተካከለች። ቆሜ አየኋት። እጇን አላነሳችም፣ ዞራም አላየችኝም፤ ዞር ካለች ትወድቃለች።